የደኑ መድከም ወይስ የመሣሪያው መጥራት?

ክሪስ ቦልተን፣ ቲም ሌንተንና ኒክላስ ቦርስ እ.ኤ.አ. በ2022 «ኔቸር ክላይሜት ቼንጅ» በተሰኘው መጽሔት ላይ፣ ከአማዞን ደን ከሦስት አራተኛ የሚበልጠው ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የማገገም አቅሙን እያጣ መምጣቱን ባስታወቁ ጊዜ፣ ከዜናው አስደንጋጭነት ጀርባ አንድ ጥያቄ ተሸሽጎ ነበር፤ ይኸውም የተለወጠው ደኑ ነው ወይስ ደኑ የሚታይበት ዓይን የሚል ነው።

ድርቅና ሙቀት ደኑን በየጊዜው በጥቂቱ ይገፉታል፤ ጤናማው ፈጥኖ ወደነበረበት ሲመለስ የደከመው ይዘገያል፤ በመዘግየቱም የዚህ ወር ሁኔታው ያለፈውን ወር ይበልጥ እየመሰለ ይሄዳል። ይህ መመሳሰል ራስ-ተዛምዶ ይባላል፤ ተመራማሪዎቹም የደኑን መድከም ያነበቡት ከሳተላይት መዝገብ ላይ ከታየው የዚህ መመሳሰል መጨመር ነው። ይሁን እንጂ ረጅሙ የሳተላይት መዝገብ የአንድ መሣሪያ ሥራ አይደለም፤ በዕፅዋት ውስጥ ያለውን ውኃ በማይክሮዌቭ የሚከታተለው መዝገብ፣ በ1987 ሥራ ከጀመረው መሣሪያ አንሥቶ፣ ከ2002 እስከ 2011 ያገለገለውን ኤኤምኤስአር-ኢንና በ2012 የተከተለውን ተተኪውን ጨምሮ ከብዙ ቁርጥራጭ የተሰፋ ነው። መዝገቡን የሰፉት ሰዎች የንባቦቹን መጠን ያቀራርባሉ እንጂ እያንዳንዱ መሣሪያ ይዞት የመጣውን የዘፈቀደ ስህተት ሊያስወግዱ አይችሉም። የዘፈቀደ ስህተት ደግሞ ካለፈው ወር ምንም የማይወርስ በመሆኑ ሲበዛ መመሳሰሉን ያደበዝዛል፤ የተሻለ መሣሪያ መጥቶ ሲቀንስ ግን መመሳሰሉ ከፍ ስለሚል፣ ደኑ ምንም ሳይሆን የደከመ ይመስላል።

ቴይለር ስሚዝና ባልደረቦቹ ይህንኑ በ2023 ፈትሸዋል፤ ከፈታሾቹም መካከል የቀደመውን ዜና ያሰሙት ሦስቱም ተመራማሪዎች መገኘታቸው ሊመሰገን ይገባል። ያመላከቱት መውጫ ሁለተኛ ምስክር መጥራት ነው፤ ይኸውም ልይይት፣ ማለትም የውጣ ውረዱ ስፋት ነው። ደን ሲደክም ራስ-ተዛምዶም ልይይትም ይጨምራሉ፤ መሣሪያ ሲጠራ ግን የመጀመሪያው ሲጨምር ሁለተኛው ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ሲያድጉ ብቻ ማመን ይገባል።

ብልሃቱ ጥሩ ነው፤ ሆኖም የምስክሮቹ መስማማት ምን ያህል ያስረዳል? ዝናቡ ራሱ ጠባዩን ለውጦ የድርቅ ወራት ተያይዘው የሚመጡና የሚከፉ ከሆነ፣ የማገገም ፍጥነቱ ያልተነካ ደን እንኳ ሁለቱንም ምልክቶች ሊያሳይ ይችላል፤ ያኔ ምስክሮቹ የተስማሙት ከአንድ ምንጭ ስለሰሙ ነው ማለት ነው። በአንጻሩ ደኑ በእርግጥ እየደከመ ሳለ የመሣሪያው ስህተት በብዙ ከቀነሰ ልይይቱ ሊወርድ ስለሚችል፣ እውነተኛው ሕመም ሐሰት ተብሎ ይጣላል፤ የጥንቃቄው ሕግ የሐሰት ክስን ሲከላከል ዝምታን ከጤና እንዲለይ አልተሠራም። በአንድ መሣሪያ ብቻ መወሰንም የተሟላ መሸሸጊያ አይሆንም፤ ቴራ በተባለችው ሳተላይት ላይ ያለው ሞዲስ ከ2000 ጀምሮ ሲመዘግብ ቢቆይም፣ በማርጀቱ የተነሣ የዕፅዋትን አረንጓዴነት ሳይቀንስ የቀነሰ አስመስሎ በማሳየቱ መዝገቡን ማረም ግድ ሆኗል። ዓይኑ እየፈዘዘ የሄደ መሣሪያ በስም አንድ ቢሆንም በመለኪያነቱ አንድ መሆኑ ያጠራጥራል።

ይበልጥ ጽኑ መሠረት ያለው፣ በአንድ ዘመን በአንድ መሣሪያ የታዩ ሁለት ቦታዎችን ማነጻጸር ይመስላል፤ እርሱም ቢሆን ደመና አንዱን ከሌላው አብዝቶ ካልጋረደው ነው። በዚህ መንገድ የትኛው ደን ከየትኛው ይልቅ ቀስ ብሎ እንደሚያገግም መናገር ይቻላል፤ ሁለቱም ከትናንት ይልቅ ዛሬ ደክመው እንደሆነ ግን ከዚያ ንጽጽር አይነበብም።