የድኃው ድምፅ ይሰማ ዘንድ

በማርቆስ ወንጌል በ10ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የዕውሩን የበርጤሜዎስን ታሪክ ሳታውቀው አትቀርም። ይህ ሰው በኢያሪኮ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይለምን ነበር። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በዚያ እንደሚያልፍ በሰማ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጮኸ፤ ብዙ ሰዎች ግን ዝም እንዲል ገሠጹት። ልብ ብለህ ተመልከት፤ እነዚህ ሰዎች ወንበዴዎች አልነበሩም። ጌታን ተከትለው የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን የድኃው ጩኸት ጕዞአቸውን የሚያውክ መሰላቸው። ጌታ ግን ቆመ፤ ሰውየውንም አስጠራው፤ ምን ሊያደርግለት እንደሚወድም ጠየቀው። ዕውርነቱ ለሁሉ የተገለጠ ሲሆን ስለ ምን ጠየቀው? የሚያስፈልገውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ዝም በል የተባለው ሰው የልቡን አሳብ በገዛ አፉ ይናገር ዘንድ ክብር ሰጠው እንጂ።

እኛስ እንዴት እናደርጋለን? በአገራችን ለማኙን «የኔ ቢጤ» ብሎ መጥራት የቆየ ልማድ ነው። ይህም እንደ እኔ ያለ፥ የእኔው እኩያ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መልካም ስም ሰጥተነው ሳለ በመንገድ ስናገኘው «እግዜር ይስጥህ» ብለን ፊታችንን አዙረን እናልፋለን። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ የተራቆተውንና የተራበውን ወንድሙን በመልካም ቃል ብቻ የሚያሰናብተውን ሰው ነቅፎታል። በእግዚአብሔር ስም እያመካኙ እጅን መሰብሰብ ስሙን በከንቱ መጥራት እንዳይሆንብን እንፍራ። ሳንቲም የምንጥልለትም ብንሆን ስሙን አንጠይቀውም፤ ከወዴት እንደ መጣ፥ ምን ሙያ እንደ ነበረው፥ ስለ ከተማው ምን እንደሚያስብ አናውቅም። ለሆዱ ጥቂት ሰጥተነው ይሆናል፤ ነገር ግን የሚሰማው ሰው ማጣት ከረኃብ የማይተናነስ ሥቃይ ነው።

እንግዲህ ይህን በምን ሥራ ማቃናት ይቻላል ብለህ ብትጠይቅ፥ በሌሎች አገሮች የተሠራውን አንድ ሥራ ልንገርህ። ዘመኑን ሁሉ የምቈጥረው እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው። በ1915 በአሜሪካ ሥራ ፍለጋ ከከተማ ወደ ከተማ ለሚዞሩ ድኆች «ሆቦ ኒውስ» የተባለ ጋዜጣ ይታተም ጀመረ፤ ድኆቹም ራሳቸው በየመንገዱ ይሸጡት ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1989 በኒውዮርክ ከተማ «ስትሪት ኒውስ» የሚባል ጋዜጣ ወጣ፤ ሻጮቹም ቤት የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። ጎርዶን ሮዲክ የተባለ የእንግሊዝ አገር ነጋዴ ይህን አይቶ አሳቡን ለወዳጁ ለጆን በርድ አካፈለው፤ በ1991ም በሎንዶን «ቢግ ኢሹ» የተባለውን መጽሔት አቆሙ። ጆን በርድ በሕፃንነቱ ቤት አጥቶ ለጥቂት ዓመታት በሙት ልጆች ማሳደጊያ የኖረ፥ በጕብዝናውም መንገድ ላይ ያደረና ወኅኒ ቤት የገባ፥ በኋላም የማተሚያ ሥራ የሠራ ሰው ነው። ስለዚህ ስለ ድኆች የሚናገረው ከሩቅ የሰማውን አልነበረም።

የሥራውም ሥርዓት እንዲህ ነው። ሻጩ መጽሔቱን ከሚሸጥበት ዋጋ በግማሽ ገደማ በገንዘቡ ይገዛዋል፤ ሲሸጠውም ትርፉ የራሱ ነው፤ ያልተሸጠውም ኪሳራው በእርሱ ላይ ነው። አዲስ ለሚጀምር ሰው መነሻ እንዲሆነው ጥቂት ቅጂ በነጻ ይሰጠዋል። ሻጩ መታወቂያ በደረቱ ያንጠለጥላል፤ በሥራው ላይ መልካም ጠባይ እንዲይዝም ቃል ይገባል። እንዲህ በማድረግ ትናንት እጁን ለልመና የዘረጋው ሰው ዛሬ የሚሸጠው ነገር ያለው ነጋዴ ይሆናል። ሥራውም በብዙ ከተሞች ተስፋፋ። በ1993 በሐምቡርግ «ሂንስ ኡንት ኩንስት» በዚያ ከተማ የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የርኅራኄ ሥራ ማኅበር እርዳታ ተጀመረ፤ በ1994 በሲያትል «ሪል ቼንጅ» ወጣ፤ በዚያው ዓመት እንዲህ ያሉ ጋዜጦች የሚረዳዱበት ዓለም አቀፍ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1996 በደቡብ አፍሪቃ በኬፕታውን ሥራው ተተከለ፤ የአገራችን ሰዎች በብዛት በሚኖሩባት በዋሽንግተንም በ2003 «ስትሪት ሴንስ» ተጀመረ።

ነገር ግን አንድ ታላቅ ክርክር በእነዚህ ሰዎች መካከል እንደ ተነሣ ማወቅ ይገባሃል። አንዳንዶች፥ ጋዜጣው ድኃውን የሚመግበው ሲሸጥ ነውና፥ ገዢው የሚወደውን ወሬና የታወቁ ሰዎችን ነገር በውስጡ እናውጣ ይላሉ። ሌሎች ግን፥ ድኃው ራሱ ካልጻፈበት ጋዜጣው የማን ድምፅ ነው? ይላሉ። በ1998 «ቢግ ኢሹ» ወደ ሎስ አንጀለስ በተሻገረ ጊዜ የአሜሪካ የጎዳና ጋዜጦች የተቃወሙት በዚሁ ነገር ነበር። ሁለቱም ወገን እውነት አላቸው፤ የማይሸጥ ጋዜጣ ማንንም አይመግብምና። ነገር ግን የድኃውን እጅ ለመሸጫ ተቀብለን አፉን ብንዘጋ፥ በኢያሪኮ መንገድ ዝም በል ካሉት ሰዎች በምን እንሻላለን? በዕንጀራውና በቃሉ መካከል ማስመረጥ አይገባንም፤ ጌታችን የተራቡትን አብልቷል፥ የተናቁትንም ቆሞ ሰምቷልና።

እናንተ ማንበብና መጻፍ የተማራችሁ ወጣቶች ሆይ፤ ይህን ሥራ በከተማችሁ ልትጀምሩ ብትወዱ ጥቂት ምክር ስሙኝ። አስቀድማችሁ ስም ለማውጣትና ማኅተም ለማስቀረጽ አትቸኵሉ፤ ሰዎቹ ወደሚውሉበትና ወደሚያድሩበት ሂዱና ተቀመጡ። በዕድሜ አባትህ የሚሆነውን ሰው ድኃ ስለ ሆነ ብቻ «አንተ» አትበለው፤ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ «አንቱ» በለው፤ እናት የሆነችውንም «እናቴ» ብለህ አነጋግራት። መስማት የሚጀመረው ከዚህ ነው። መጻፍ የማይችል ሰው ቢናገር ቃሉን ሳታሳምሩ ጻፉለት፤ ከጻፋችሁም በኋላ አንብባችሁ አሰሙት፤ «እንዲህ አላልሁም» ቢላችሁ ቃላችሁን ሰርዛችሁ የእርሱን አኑሩ። ሳይፈቅድ ስሙን ወይም ሥዕሉን አታውጡ፤ የገዢውን እንባ ለማስፈሰስ ብላችሁ ቍስሉን አደባባይ ማውጣት ምጽዋትን በመለከት ከማስነፋት የከፋ ነው። ምን ይታተም ተብሎ በሚመከርበት ጉባኤ ላይም ከእነርሱ የተመረጡ ሰዎች ይቀመጡ። ገንዘቡንም በግልጥ መዝገብ ያዙ፤ የድኃ ሳንቲም የገባበትና የወጣበት ካልታወቀ የተጀመረው መልካም ሥራ በሐሜት ይፈርሳልና። የማትችሉትን ተስፋ አትስጡ፤ ጋዜጣ ቤት አይሠራም፥ በሽታም አይፈውስም፤ ነገር ግን የተናቀውን ሰው ከጎረቤቱ ጋር ያነጋግረዋል።

አንተም ገዢ የምትሆን ወንድሜ ሆይ፤ ክርስቲያናዊ ጠባይ በአንተም ዘንድ ይፈለጋል። አንዳንድ ሰው ገንዘቡን ሰጥቶ ጋዜጣውን ሳይቀበል ይሄዳል፤ ቸርነት ያደረገም ይመስለዋል። እንዲህ ሲያደርግ ግን ነጋዴ የሆነውን ሰው መልሶ ለማኝ ያደርገዋል። ዋጋውን ከፍለህ ተቀበል፤ ከወሰድህም በኋላ አንብበው። ዝርዝር ሳንቲም የለኝም ብለህም አታመካኝ፤ በስቶክሆልም የሚገኘው «ሲቱዋሾን ስቶክሆልም» የተባለው መጽሔት ሻጮች ከ2013 ጀምረው በባንክ ካርድ ክፍያ ይቀበላሉ። ደግሞም የእግር መቆም ከገንዘቡ እንደሚበልጥ አስብ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ጎዳናዎችን ባዶ ባደረገ ጊዜ የእንግሊዝ አገር ሻጮች ከመጋቢት እስከ ሐምሌ በመንገድ መሸጥ ተከለከሉ። መጽሔቱ በፖስታ ለአንባቢው ይላክ ነበር፤ በየማዕዘኑ የሚለዋወጡት ሰላምታ ግን በፖስታ ሊላክ አልቻለም።

ምናልባት አንድ ሰው፥ ድኆቹ ቢጽፉ ይነቅፉናል፥ ያማርሩናል ይል ይሆናል። አዎን፥ ይነቅፉን ይሆናል። ስለ ቤት ኪራይ፥ ስለ ሰካራም አባት፥ ከደጁ ስለሚያባርራቸው ባለ ሱቅ፥ ስለ እኛም ስለ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይጽፉ ይሆናል። የሚጽፉትም ሁሉ ትክክል ላይሆን ይችላል፤ ድኃም እንደ ባለጠጋ ይሳሳታልና፥ አዘጋጁ የተባለውን መርምሮ ያትም፤ ሐሰትን በርኅራኄ ስም አይሸፍን። ነገር ግን እውነተኛውን ነቀፋ የምንፈራ ከሆነ በሽታው ያለው በጸሓፊው ሳይሆን በእኛ ዘንድ ነው። በሉቃስ ወንጌል በባለጠጋው ደጅ ተኝቶ የነበረው አልዓዛር በምድር ሳለ አንዲት ቃል እንኳ ሲናገር አልተጻፈም። ባለጠጋው የእርሱን መከራ በጊዜው ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ኋላ በከንቱ ባልለመነ ነበር። እንግዲህ ዛሬ በደጃችን ያለው ሰው ቢነቅፈን እንኳ ገና ጊዜ ሳለ የተላከልን ማስጠንቀቂያ ነውና በምስጋና እንቀበለው።

ወንድሞቼ ሆይ፤ ማተሚያ ቤት ማቆም የሁላችን ዕጣ አይደለም፤ መቆምና መጠየቅ ግን የሁላችን ነው። ነገ በምትሄድበት መንገድ ዳር የተቀመጠውን ሰው ስሙን ጠይቀው፤ የሚነግርህንም እስከ መጨረሻው ስማ። መጻፍ ብታውቅ ቃሉን ጻፍለት፤ ገንዘብ ቢኖርህ ለወረቀቱ እርዳ፤ ሁለቱም ባይኖርህ ጆሮህን ስጠው። «የኔ ቢጤ» ብለን የጠራነው ሰው በእውነት ቢጤያችን መሆኑ የሚታወቀው እኛ ስንናገር እርሱ እንደሚሰማ ሁሉ እርሱ ሲናገር እኛም የሰማን እንደ ሆነ ነው።

የዕውሩን ጩኸት ሰምቶ የቆመ ጌታ ለእኛም የሚቆም እግር፥ የሚሰማ ጆሮ፥ የማይታበይ ልብ ይስጠን። አሜን።