ማርሽ መውደድ ጥፋት ነው ወይ?

አራዳ ያደገ ልጅ ሆኖ ማርሽ ባንድ ሲያልፍ እግሩ የማይነሣ ካለ እኛ አላየንም። የእኛ መውደድ ግን ከማጨብጨብ ያለፈ ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ምኒልክ አደባባይ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ጥግ ይዘን እንቆምና ለሚያልፈው ባንድ ሁሉ ነጥብ እንሰጣለን። ለፖሊሱ ይኼን ያህል፣ ለሠራዊቱ ይኼን ያህል፣ ለተማሪዎቹም እንደ አቅማቸው። ነጥቡ በደብተር ቅዳጅ ላይ ይጻፋል፤ ክርክሩ ፒያሳ ማኪያቶ ላይ ይቀጥላል፤ የተረታው ይከፍላል።

ዳኝነታችን ታዲያ የቀልድ አልነበረም። በመጀመሪያ ረድፉን ከጎን እናያለን፤ ከጎን ሲታይ አንድ ሰው ብቻ የቆመ ከመሰለ ጥሩ ነው። ጥግ ሲዞሩ በውስጥ በኩል ያለው ባለበት ይረግጣል፣ በውጭ ያለው እርምጃውን ያስረዝማል፤ መስመሩ ሳይቆረጥ እንደ በር ከዞረ ሙሉ ነጥብ። ከሁሉ የምናከብረው ግን የኋላውን ረድፍ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ባንዱ ከፊት እስከ ኋላ 34 ሜትር ቢረዝም የፊተኛው ምት ለኋለኛው የሚደርሰው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ዘግይቶ ነው። በደቂቃ 120 እርምጃ ለሚረግጥ ሰው ይኼ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የኋላው ሰው ጆሮውን ካመነ ይዘገያል፤ የመሪውን ዘንግ በዓይኑ መከተል አለበት። ጆሮውን አለማመን የተማረ ሙዚቀኛ! ያኔ ያስደንቀን ነበር፤ አሁን ያሳስበናል።

ነገሩን ያመጣው ከመካከላችን አንዱ ነው። ስሙን አትጻፉ ስላለን አንጽፍም። በትምህርት ቤቱ ባንድ ውስጥ ትልቁን ከበሮ መቺ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ የሰሜኑ ጦርነት ዘጠነኛ ወሩን ይዞ ሳለ፣ የሰፈራችን ዘማቾች ሲሸኙ የእነሱ ባንድ ተጠራ። እኛም እንደ ልማዳችን ወረቀታችንን ይዘን ሄድን። ከዘማቾቹ መካከል አንድ የጎረቤት ልጅ ነበር፤ ቢበልጠን ሁለት ዓመት ነው፤ ኳስ አብረን ተጫውተናል። ሰልፍ አልሆነለትም። ሁሉም ግራ ሲረግጥ እሱ ቀኝ። እኛ ጥግ ሆነን ሳቅን። እንዲያውም አንዳችን ጮክ ብሎ «ከዚህስ ሁለት ነጥብ ይቀነሳል!» አለ። ከበሮ መቺው ጓደኛችን ግን አዘነለትና ግራ እግር ላይ የሚያርፈውን ምት ጠበቅ አድርጎ መታለት፤ እንዲይዝለት። ልጁ ሦስት አራት እርምጃ ተደናብሮ ያዘ። ከሌሎቹ ጋር አንድ ሆነ። ዞር ብሎ ከበሮውን አየና ፈገግ አለ፣ ይለናል ጓደኛችን።

ከዚያ ወዲያ አላየነውም። ጥቅምት 2015 ላይ ስምምነቱ ፕሪቶሪያ ሲፈረም እናቱ ገና ይጠብቁ ነበር፤ መርዶው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለቅሶ የተቀመጥንበት ግቢ ራሱ ዛሬ የለም፤ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። እናትየውም የት እንደ ገቡ የምናውቀው በስልክ ብቻ ነው።

ጓደኛችን ከበሮውን ትቷል። ጥያቄው ግን ከእኛ ጋር ቀርቷል፦ «ያን ምት ባላጠብቅለት ኖሮስ?» ምንም አይሆንም ነበር፤ ልጁ እርምጃ እንደ ሳተ አውቶቡሱ ላይ ይወጣ ነበር። ይኼን እሱም ያውቃል። የሚጠይቀን ሌላ ነገር ነው፤ የሚያምር ነገር ያደረገ ሰው ያ ያማረው ነገር ለዋለበት ተጠያቂ ነው ወይ ነው የሚለን።

አንዳንዶቻችን ወዲያው መከላከያ አቀረብን። ከበሮ ቆዳና እንጨት ነው፤ ጥሩንባ ነሐስ ነው፤ ጥፋት ካለ ያዘዘው ዘንድ ነው። እዩ፣ አልን፦ ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ዛር ከኒኮላይ 2ኛ በስጦታ የመጣው የነሐስ መሣሪያ ለምኒልክ ተነፋ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. እዚሁ ጊዮርጊስ ንጉሠ ነገሥቱ ሲነግሡ «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» ነበረ። ደርግ መጣና ሌላ መዝሙር፤ በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ። ነፊው ምን ያድርግ? የተሰጠውን ኖታ ይነፋል፣ ወር ሲሞላ ደመወዙን ይቀበላል።

ክርክሩ ለጊዜው አሳረፈን። ነገር ግን በእኛ አገር ከበሮ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። ነጋሪት የሥልጣን ምልክት ነበር፤ አዋጅ የሚሰማው ነጋሪት ተጎስሞ ነው፤ ክተት የሚባለውም እንዲሁ። ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ እንኳ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ስሙ ነጋሪት ነው፤ ሕጋችን ማተሚያ ቤት ከገባ በኋላም ስሙን የተዋሰው ከከበሮ ነው። አባቶቻችን «ከበሮ ምን አጠፋ» የሚል ተማሪ ቢሰሙ የሚስቁ ይመስለናል። ፕላቶም ያቺን የሐሳብ መንግሥቱን ሲያቋቁም ለወታደር የሚስማማውን ቅኝት አስቀርቶ የሚያለዝበውን አባሯል። ምርጫውን አንወድለትም፤ ዜማ ጆሮ ላይ ብቻ የሚቀር ነገር አለመሆኑን ማወቁን ግን እንቀበለዋለን።

የአርባ ልጆች ነገር ደግሞ አለ። በኦቶማን ቱርክ በአርመኖች ላይ በደረሰው እልቂት ወላጆቻቸውን ያጡ፣ ኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም የተጠጉ ልጆች ነበሩ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሄደው ሲነፉ ሰሟቸው፤ አስፈቅደው አስመጧቸው፤ በዚያው ዓመት ጳጉሜን ላይ አዲስ አበባ ገቡ። ያን የንግሥ መዝሙር ዜማ የደረሱት አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። ይኼን ስናስብ ይከብደናል። የእነዚህ ልጆች ወገኖች በሰልፍ እየተነዱ ነው በየመንገዱና በሶርያ በረሃ ያለቁት። ልጆቹ ደግሞ በሰልፍ እየነፉ እንጀራ አገኙ። እነሱን ጥፋተኛ ልንል ነው? የማይታሰብ ነው፤ ሰልፍ ለእነሱ መዳኛ ነበር። እንግዲህ አንዱ ሰልፍ ሲገድል ሌላው ካዳነ፣ ጥፋቱን እርምጃው ውስጥ ብንፈልግ አናገኘውም ማለት ነው።

ታዲያ የት እንፈልገው? የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችንም ከልጅነት ሰምተናል። ያሬድ ሲያዜም ንጉሡ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጦ ጦሩን ያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ደሙ እየፈሰሰ አዚያሚውም አላወቀ፣ ንጉሡም አላወቀ። ሲተረክልን የዜማው ጣፋጭነት ማስረጃ ሆኖ ነው። እኛ አሁን ስናነበው ዓይናችን ጦሩ ላይ ይቀራል። ደግሞም ንጉሡ ደንግጦ «የፈለግኸውን ጠይቀኝ» ሲለው ያሬድ የጠየቀው ወርቅ አይደለም፤ ከቤተ መንግሥት እንዲያሰናብተው ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። ጓደኛችን ከበሮውን ሲተው ይኼን አስቦ አይመስለንም፤ ግን ሥራው ያንኑ ይመስላል።

ባሕር ማዶ ደግሞ ማርሹን ከጦር ሜዳ አውጥተው የወጣቶች ውድድር ያደረጉት አሉ። አሜሪካ ውስጥ ድረም ኮር ይሉታል፤ ሥሩ ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ማኅበራት ውስጥ ሲሆን ከእ.ኤ.አ. 1972 ጀምሮ በራሱ ድርጅት ሥር በየዓመቱ ሻምፒዮና ይደረግበታል። በስልክ አይተነዋል፤ እውነቱን እንናገር፣ አፋችንን ከፍተን ነው ያየነው። ኳስ ሜዳ ሙሉ ነሐስና ከበሮ፣ እየሮጡ ክብ ሠርተው ሳይጋጩ የሚፈቱ ልጆች። ጠመንጃ እንኳ ይዘዋል፤ የእንጨት ነው፣ ወደ ሰማይ ወርውረው ይቀልቡታል። እኛን የነካን ግን የዳኞቹ ታሪክ ነው። ድሮ ዳኞቹ ሰልፈኞቹ መካከል እየገቡ ስሕተት ይለቅሙ ነበር፤ ለእያንዳንዷ ስሕተት አንድ አሥረኛ ነጥብ ትቀነሳለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ይኼን ተዉና ልጆቹ በሠሩት ልክ ነጥብ መስጠት ጀመሩ።

እኛ አልተውንም ነበር። ለዓመታት ዓይናችንን ያሠለጠንነው የሳተውን ለመልቀም ነው። ሃምሳ ሰው ሲያልፍ አርባ ዘጠኙን አናይም፤ የምናየው አንዱን ነው፣ እሱንም ለመቀነስ። ስለዚህ በዚያ ክረምት የጎረቤታችን ልጅ ፊታችን ሲያልፍ ያየነው እግሩን ነበር። ወዴት እንደሚሄድ አላየንም። ምናልባት እግሩ እምቢ ያለው ፈርቶ ይሆናል፤ ምናልባት እንዲሁ ሰልፍ የማይሆንለት ልጅ ነው፤ አሁን ማንን እንጠይቃለን? ከበሮ መቺው ቢያንስ አይቶታል፤ አዝኖለታል፤ በያዘው ነገር ሊረዳው ሞክሯል። ከሁላችን ተጠያቂ ነኝ የሚለው እሱ መሆኑ ነው የሚገርመን። ማርሽ መውደዳችን ጥፋት ነው አንልም፤ ሳቃችንን ግን ለከበሮውም ላዘዘውም ማሸከም አልቻልንም።

ዘንድሮም የካቲት 23 ወጥተናል። ወረቀት አልያዝንም። ባንዱ ሲቃረብ የተለመደው ምት ደረታችን ላይ አረፈ፤ እግራችንም ሳናዘው ተነሣ። ጓደኛችን አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ እጁን ኪሱ ከትቶ የኋላውን ረድፍ አንድ በአንድ ፊታቸውን ያያል። «ያ ቱባ የያዘው ልጅ ደክሞታል» አለን።