የሁለት ወንድማማቾች ክትር

በራያ ቆቦ ሜዳ ማሽላን የሚያደርሰው እዚያው የሚዘንበው ዝናብ ብቻ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በምዕራብ በኩል ተራራው ላይ የዘነበው ውሃ በሆርማት፣ በጎቡና በዲካላ አሸዋ ላይ እያጓራ ወደ ቆላው ይወርዳል። ገበሬው ቅጠል፣ አፈርና ድንጋይ ደርድሮ ይጠልፈውና በቦይ ወደ ማሳው ያስገባዋል። የገባው ውሃ ማሳው ላይ ተኝቶ መሬቱን እንዲያረሰርስ ደግሞ ዙሪያው ክትር ያስፈልገዋል። ክትር የሌለው ሰው ጎርፍ ሲመጣ ውሃውንም አፈሩንም አያገኘውም።

ታዲያ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሊሞቱ ሲሉ በሆርማት ዳር ያለችውን እርሻቸውን ለሁለት ወንዶች ልጆቻቸው እኩል ከፈሉላቸው። አፈሩ አንድ ነው። ክትሩም በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ በጋ የተሠራ ነው፤ ቁመቱ እስከ ጉልበት፣ ስፋቱ ሰው ሁለት እግሩን ገጥሞ የሚቆምበት። "አደራ ክትሩን" ብለው አረፉ። ወንድማማቾቹ በዚያ ዓመት ሁለቱም ጅጉርቲ ማሽላ ዘሩ።

ታላቁ የጎርፍ ተራው ሲደርስ ቦዩን እስከ አፉ ይከፍታል። ማሳው ከዳር እስከ ዳር ውሃ ይተኛበታል። ሲበቃው ይዘጋል። በማግስቱ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ክትሩን ይዞራል፤ የተሰነጠቀውን በጭቃ ይመርጋል፣ አይጥ የፈለፈለችውን ይደፍናል፣ የላላውን በእግሩ ይረግጣል። ከዚያ ለፀሐይ ይተወዋል። እስከሚቀጥለው ተራ ድረስ ጠብታ አያስገባም።

የታናሹ ሆድ ግን አይችልም። ማሽላው በቀትር ቅጠሉን ጠቅለል ባደረገ ቁጥር አንጀቱ ይላወሳል። ጎርፉ ካለፈ በኋላ በቦዩ ወለል ላይ የሚቀር ቀጭን ውሃ አለ፤ ተራ የለውም፣ ማንም አይከለክለውም። እሱን ጠዋት ትንሽ፣ ከምሳ በኋላ ትንሽ፣ ከብት ሲገባ ደግሞ ትንሽ ያስገባል። ማታ ሊተኛ ሲል ቦዩን በመዳፍ ልክ ከፍቶ "እስኪነጋ ይጠጣ" ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል።

ታላቁ አይቶ ዝም አላለም። "ተው፣ ክትሩ ይድረቅልህ" አለው።

"አያ፣ ይቺ ምን አላት? አንተ በአንድ ቀን የምታስገባውን እኔ በሳምንትም አላስገባም።"

ውሸቱን አልነበረም።

በነሐሴ መጨረሻ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ጎርፍ ባልወረደበት ሌሊት የታናሹ ክትር ተናደ። ጠዋት ሲደርስ ክትሩ በሆዱ በኩል ተንሸራቶ ተኝቷል፤ የማታዋ ቀጭን ውሃ አሁንም በላዩ ትፈሳለች። ጠግኖ ሳይጨርስ ተራው ደረሰና የመጣው ጎርፍ በተናደው በኩል ገብቶ በዚያው ወጣ። ማሽላውን ከነሥሩ፣ አፈሩንም አብሮ ወሰደው።

ታናሹ ለውሃ አባት አቤት አለ። ተራ የሚያዙት፣ በቦይ የተጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው።

"አባቴ፣ ይፍረዱኝ። ወንድሜ ከእኔ እጥፍ ውሃ ወስዷል፣ የፈረሰው ግን የእኔ ነው። ወይ ክትሬን ሰው ነክቶታል፣ ወይ አባታችን ሲያካፍሉ አዳልተዋል።"

ሽማግሌው መልስ ሳይሰጡ ተነሥተው ወደ ማሳው ሄዱ። ሽመላቸውን በታላቁ ክትር ላይ ወጉት፤ ድም አለና ተመለሰ። ከታናሹ ክትር ሳይፈርስ በተረፈው በኩል ወጉት፤ ያለ ጉልበት ክንድ ያህል ገባ። ሲመዙት ከጫፉ ጭቃ ተንጠባጠበ።

"ስንት አስገባህ?"

"ትንሽ ነው አባቴ።"

"ስንት ጊዜ?"

ታናሹ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። የትናንቱንና የትናንት ወዲያውን እንኳ ሳይጨርስ ጣቱ አለቀበት።

"ሰውም አልነካው፣ አባትህም አላዳሉም" አሉ የውሃው አባት። "ወንድምህ ክትሩን አርጥቦ ያደርቀዋል። ያንተ ከሰኔ ወዲህ የደረቀበት ቀን የለም። ማታ የምትከፍታት ደግሞ ከሁሉም ትከፋለች፤ ማታ ክትሩን ዞሮ የሚያይ ማን አለ?"

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል። ክትሩ የልጅዎ ጥርስ ነው።

ጥርስ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ በደቂቃዎች ውስጥ አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱም ከጥርሱ ጠንካራ ሽፋን ካልሲየምና ፎስፌት ያሟሟል። ምራቅ አካፋ ይዞ የሚዞረው ታላቅ ወንድም ነው። አሲዱን ያለዝባል፣ የወጣውን ማዕድን መልሶ ይለጥፋል። ለዚህ ሥራ ግን ግማሽ ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አንዲት ልጅ አምስት ከረሜላ ከምሳ በኋላ በአንድ መቀመጫ ብትበላ ጥርሷ አንዴ ይረጥባል፣ ከዚያ ይደርቃል። እነዚያኑ አምስቱን በመቀነቷ ቋጥራ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ በአንድ በጉንጯ ስታንከባልል ብትውል ግን የጥገናው ሰዓት ከየት ይመጣል? ስኳሩ ያው ነው፤ ጉዳቱ ግን አይገናኝም። ሌሊት ደግሞ ምራቅ በጣም ይቀንሳል፤ ከረሜላ አፉ ውስጥ ይዞ የተኛ ልጅ ክትሩን ክፍት ትቶ ተኛ ማለት ነው።

ይህን ሰው ላይ የሞከሩት ስዊድናውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ቪፔሆልም በተባለ ተቋም የሚኖሩ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ፈቃዳቸውን ሳይጠይቁ ስኳር አበሏቸው። ከምግብ ጋር የወሰዱት ብዙም አልተጎዱም፤ በምግብና በምግብ መሃል ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ከረሜላ የተሰጣቸው ግን ጥርሳቸው ተበላ። ነውረኛ ጥናት ነበር፤ ውጤቱን ግን የጥርስ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይዘውታል። እዚያው ስዊድን ለልጆች ጣፋጭ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ብቻ የመስጠት ልማድም የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው።

በእኛ በኩል የከረሜላው ወራት ረጅም ነው። ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ሶለል ይጀምራል፤ ልጃገረዶቹ እየጨፈሩ ቤት ለቤት ያገኙት ሳንቲም ሱቅ ይገባና ከረሜላ፣ ማስቲካና ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ሶለል ሳይረሳ እንቁጣጣሽ ይመጣል፣ ከዚያ መስቀል፤ በመስቀል ሰሞን ደግሞ ከማሽላው መሃል ጥንቅሹ ይደርሳል። በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤት ዒድና መውሊድ ሲውሉ ቴምሩና ሐልዋው አለ። ይህን ሁሉ ከልጅ አፍ ነጥቆ በዓል የለም። ጥንቅሽ ያልላጠ የራያ ልጅ ምን ልጅ ይባላል! እኔ የምፈራው በዓሉን አይደለም፤ ልጅ በየሰዓቱ ባለቀሰ ቁጥር አንድ ከረሜላ ከኪስ አውጥቶ የሚያባብለውን ሆደ ቡቡ ዘመድ ነው። በየሰዓቱ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ የምንጠጣ ትልልቆችም ከታናሹ ወንድም የምንሻል አይደለንም።

ስለዚህ ጣፋጩን ከበዓሉ ምግብ ጋር አያይዘው ይስጡ፤ ልጁ ዶሮውን ወይም ሥጋውን እንደበላ ከረሜላውም ጥንቅሹም በዚያው ይምጣ፣ ሲያበቃ በውሃ ይጉመጥመጥ፣ እስከሚቀጥለው ገበታ ከውሃ በቀር ሌላ አይቅመስ። ማታ ከመተኛቱ በፊት ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ይቦርሹለት። ሦስት ዓመት ላልሞላው የሩዝ ፍሬ ታህል፣ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ታህል ሳሙና ትበቃለች። አረፋውን ይትፋ እንጂ በብዙ ውሃ አይታጠብ፤ የሚጠግነው እዚያው የቀረው ፍሎራይድ ነውና። መፋቂያም ደህና ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ልማዱ ባለበት አገር መጠቀሙን ደግፏል። ነገር ግን የወይራ መፋቂያ በልጅ እጅ የፊት ጥርስን እንጂ የኋላ መንጋጋን በውስጥ በኩል ለመድረስ ያስቸግራል፤ ፍሎራይድ የተጨመረበትም አይደለም። ስለዚህ ቀን መፋቂያው፣ ማታ ብሩሹ።

"የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል" የሚሉ ወላጆች ይህችን አንዲት ነገር ይዩልኝ። ስድስት ዓመት ገደማ የሆነውን ልጅዎን ፊቱን ወደ ብርሃን አዙረው አፉን ያስከፍቱት። ከወተት መንጋጋዎቹ ሁሉ ወደ ኋላ፣ ማንም ጥርስ ሳይወልቅላት ድምፅዋን አጥፍታ የወጣች ሰፊ መንጋጋ ያገኛሉ፤ ላይ ሁለት፣ ታች ሁለት። እነዚያ የወተት አይደሉም። ቢበሰብሱ የሚተካቸው የለም።