መርፌው ለማን ነው?

ሴፍትሪያክሶን በትንሽ ብልቃጥ በዱቄት መልክ የሚመጣ፣ ነጣ ያለ አንቲባዮቲክ ነው። ነርሷ የብልቃጡን አፍ በአልኮል ጠርጋ፣ በሲሪንጅ ውሃ ጨምራ ስትወዘውዘው ይሟሟና ፈዘዝ ያለ ቢጫ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያም በበሽተኛው ክንድ ላይ በተተከለው ካኑላ በኩል ቀስ እያለ ወደ ደም ሥር ይገባል። በአገራችን ሆስፒታሎች የተኛ ወይም ያስታመመ ሰው፣ ስሙን በቅጡ ባይጠራው እንኳ፣ የጧትና የማታው መርፌ ሲባል የትኛው እንደሆነ ያውቃል።

ለዚህ መድኃኒት ትልቅ ክብር አለኝ። የዘሩ መነሻ ጁሴፔ ብሮትዙ የተባሉ ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1945 በሰርዴኛ ደሴት፣ በካልያሪ ከተማ፣ የቆሻሻ ፍሳሽ ከባሕር በሚቀላቀልበት ስፍራ ያገኙት ሻጋታ ነው። ከዚያ የተወለደው የመድኃኒት ቤተሰብ በማጅራት ገትር ራሱን ስቶ የገባን ልጅ አስነስቶ ከእናቱ እጅ እንዲጎርስ አድርጓል። በሳንባ ምች ትንፋሽ ያጠረውን አባት ወደ ሥራው መልሷል። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው በብልቃጡ ቢታመን አይፈረድበትም።

የማሰላስለው ግን ስለ ሌላ አልጋ ነው። እዚያ የተኙት እናት ካንሰሩ ጉበታቸውና አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። እህል ከተዉ ሰንብተዋል፤ አብዛኛውን ቀን በእንቅልፍ ያሳልፋሉ። ሐኪሞቹ የቀራቸው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር መሆኑን ያውቃሉ። ትኩሳት ሲነሳ ግን ብልቃጡ ይታዘዛል። ትኩሳቱ አልበርድ ሲል ሜሮፔኔምና ቫንኮማይሲን የተባሉ ሌሎች አንቲባዮቲኮች ይከተላሉ፤ አስታማሚው ወረቀት ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞራል። ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። በብዙ አገሮች የሆስፒታል መዝገብ ሲገለጥ፣ እዚያ ከሞቱት ብዙዎቹ በመጨረሻ ቀናቸው አንቲባዮቲክ ይሰጣቸው እንደነበር ይገኛል።

ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ዕጢው ራሱ ትኩሳት ያመጣል፤ የደከመ ጉሮሮ አክታ ሲይዝ ትንፋሹ ይንኮራኮራል። ይህን ከኢንፌክሽን ለመለየት አስቸጋሪ ነው፤ ካልቸር የሚባለው የላቦራቶሪ የባክቴሪያ ምርመራ ውጤት እስኪደርስም ቀናት ያልፋሉ። ለደከመው ተረኛ ሐኪም ደግሞ መድኃኒት መጻፍ ቤተሰቡን አስቀምጦ «ከእንግዲህ የሚድኑ አይመስለንም» ከማለት ይቀላል። ቤተሰቡም የሚያስበው አለው። ነገ ልቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ «ያልተደረገላት ነገር የለም» ማለት ይፈልጋል። ይህ ፍላጎት ከፍቅር የመጣ ነውና አላቃልለውም። ሆኖም እንዲህ ሲሆን መርፌው ከታማሚዋ ይልቅ የእኛን ኅሊና እያከመ ነው።

ዋጋውን የሚከፍለው ግን የእሳቸው አካል ነው። ደም ሥሩ ይጠፋል፤ ነርሷ እጃቸውን፣ ከዚያም እግራቸውን ደጋግማ ትወጋለች። መድኃኒቱ የአንጀትን ጤናማ ባክቴሪያ ሲያጠፋ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ያውም ያለ ሰው እርዳታ መገላበጥ ለማይችሉ ሴት። ወደ ቤታቸው፣ ወደ ጎረቤቶቻቸውና ወደ ደጀ ሰላማቸው መመለስ ሲፈልጉ «መርፌውን ይጨርሱ» ይባላሉ። ሲያልቅ ሌላ ይታዘዛል።

ከሁሉ የሚብሰው የሚወስድባቸው ጊዜ ነው። መርፌው እስከቀጠለ ድረስ ሁላችንም ሊድኑ እንደሆነ ሆነን እንኖራለን። ኑዛዜ አይነሳም፤ የንስሐ አባት «ሰው ይደነግጣል» ተብሎ አይጠራም። የተቀየመው ወንድም ይቅር ለመባባል ነገ እመጣለሁ ይላል። አሜሪካ ወይም አረብ አገር ያለችው ልጅ «ሕክምና ላይ ናቸው» ስለተባለች ቲኬት ሳትቆርጥ ትቀርና መርዶው ይደርሳታል።

ታዲያ ለሚሞት ሰው አንቲባዮቲክ አይሰጥ ልል ነው? አይደለም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚያቃጥላቸውን ሰው ማሳረፍ ይችላል። ሌላም ነገር አለ። የጡት ካንሰር ቆዳን ሰብሮ ሲወጣ ቁስሉ ይሸታል። ሽታው ጠያቂን ከበር ይመልሳል፤ ታማሚዋም አፍራ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። የማስታገሻ ሕክምና ባለሙያዎች ርካሹን የሜትሮኒዳዞል ክኒን ፈጭተው ቁስሉ ላይ ይነሰንሱታል። ሽታው ይቀንሳል። ዕድሜዋ በአንድ ቀን ባይረዝምም ልጆቿ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እጇን ይይዛሉ። እዚህ መድኃኒቱ ለማን እንደተሰጠ ግልጽ ነው፤ ለእሷ ነው።

የቀሩትም አልጋዎች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ሴፍትሪያክሶንንም ሜሮፔኔምንም ጥንቃቄና ክትትል ከሚሹት አንቲባዮቲኮች መድቧቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞቱ ተገምቷል። ያለ ጥቅም የተሰጠ መርፌ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ያለውን ወጣት ነገ መድኃኒት ያሳጣዋል። ለሌላው ሲባል ግን የሚሞትን ሰው ንፈጉት አልልም። ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው የራሷ የታማሚዋ ዕረፍት ነው።

መንገዱ የተሰወረ አይደለም። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ሲጀምር «ሁለት ሦስት ቀን እንየው፤ ካላሳረፋቸው እናቆመዋለን» ብሎ አስቀድሞ መናገር ይችላል። መርፌው ሲቆም ሕክምናው አይቆምም። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞልና እርጥብ ጨርቅ፣ ለሕመሙና ለትንፋሽ ጭንቀቱ ሞርፊን፣ ለደረቀው ከንፈር ጠብታ ውሃ አለ። ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ታማሚዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ እንዲህ ሲያስታምም ኖሯል። የማያድን መርፌ ማቆም መግደል አይደለም፤ ከፈጣሪ ተስፋ መቁረጥም አይደለም። ክርስቲያኑ ቀንዲል ተቀብቶ፣ ሙስሊሙ ሸሃዳውን ይዞ እንዲሄድ ፋታ መስጠት ነው።

እናታችሁ ወይም አባታችሁ በእንዲህ ያለ አልጋ ላይ ካሉ፣ ቀጣዩ ብልቃጥ ከመከፈቱ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ፦ «ይህ መርፌ ምን ያቀልላቸዋል?» መልስ ካለው ይሰጣቸው። ከሌለው እንዲቆም አትፍሩ። ሩቅ ላለችው ልጅ ደውሉ፤ የንስሐ አባቱን ወይም ሼኩን ጥሩ፤ እሳቸውንም የሚፈልጉትን ጠይቋቸው። ገና መስማትና መናገር ሲችሉ ጠይቋቸው።