እንዝርት የቆመበት ምሽት

ልጆቼ፣ ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ ልጻፍ ብዬ የተነሣሁት ሃያ ዓመት የወንጀል ልብ ወለድ ስጽፍ ከኖርሁ በኋላ ነው። ነፍሰ ገዳይ ማሳደድ የለመደ ብዕር ሁለት ወጣቶችን ማፋቀር አያቅተውም ብዬ ነበር። ልማድ ግን ጌታውን ይጎትታል። ስድሳ ገጽ ጽፌ ሳነበው፣ ልጅቱ ማንን እንደምትወድ ከአንባቢ ደብቄ ኖሯል! የወንጀል ታሪክ አንባቢ «ማን ይሆን?» ይላል፤ የፍቅር ታሪክ አንባቢ ግን ማን እንደሆነ ገና ከጠዋቱ ያውቃል፤ እንቅልፍ የሚነሣው «እንዴት ይገናኙ ይሆን?» የሚለው ነው። ስድሳውን ገጽ ለእሳት ሰጠሁት። ሰው ቤት የገባ እንግዳ አስቀድሞ የቤቱን ወግ ይወቅ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ወራት ብዕሬን አስቀምጬ አነበብሁ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተሙት ልብ ወለድ ጀምሬ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ስደርስ ቆምሁ። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የሚለያያቸው ምንድን ነው? የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ነው፤ የበዛብህ ወላጆች ገና በልጅነቱ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ስለትም አለ። ሁለቱም ከዘመኑ አፈር የበቀሉ ናቸው። የእኔ ፍቅረኞች ግን የሚለያዩት አንዱ የሌላውን ቃል በተሳሳተ መንገድ ስለ ተረዳ ብቻ ነበር፤ ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ በአንድ ምሽት ያበቃል። በንግግር የሚፈርስ አጥር አራት መቶ ገጽ አይሸከምም።

የእኔ ታሪክ የሚሆነው ጎንደር ውስጥ፣ በዘመነ መሳፍንት ማብቂያ ነው። በሁለተኛው ረቂቅ ልጅቱ አባቷ ፊት ቆማ «የምወደውን ራሴ እመርጣለሁ» ብላ ትናገር ነበር። እጅግ እወደው የነበረ ንግግር ነው። በኋላ የእቴጌ ተዋበችን ነገር ሳስብ አፈርሁበት። የራስ ዓሊ ልጅ ለካሣ፣ ለኋላው ዓፄ ቴዎድሮስ፣ የተዳሩት ካሣን በጋብቻ ገመድ ለማሰር ነው። ማንም ፈቃዳቸውን የጠየቀ አይመስለኝም። ሆኖም ባልና አባት ጦር ሲማዘዙ ከባላቸው ጎን ቆሙ፤ ካሣ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል ሲያደርግ ሚስቱ የተሸናፊው ልጅ ነበሩ። እስቲ የዚያን ቀን ማታ በዚያች ሴት ልብ ውስጥ የነበረውን አስቡት። ስለዚህ የእኔዋንም ልጅ አስቀድሜ ዳርኋትና ፍቅሯን ከሰርጉ በኋላ አመጣሁላት። የዛሬን ልብ ለትናንት ሰው አታውሱ፤ የራሱ አለው።

ከሁሉ ይበልጥ ያስተማሩኝ ግን ረቂቁን ያነበብሁላቸው አንድ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ባሏ ከዘመቻ በሚመለስበት ምሽት ልጅቱ ባሕር ዛፍ ሥር ባለው ደጃፏ ረከቦቷን ዘርግታ፣ ኩራዝ አብርታ ቡና ታፈላ ነበር። ቄሱ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። በዚያ ዘመን የጎንደር ክርስቲያን ቡናን የእስላም መጠጥ ነው እያለ ይሸሸው ነበር፤ ቡና በክርስቲያኑ ቤት የተለመደው ቆይቶ ነው። ባሕር ዛፍም የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። ነጭ ጋዝስ ከየት መጥቶ ነው ኩራዝ የሚበራው? እኔ ከእናቴ ቤት ያየሁትን ሁሉ ጥንታዊ ነው ብዬ ኖሬአለሁ። ልጆቼ፣ ለአያት ያረጀ ነገር ለቅድመ አያት ገና ያልተወለደ ሊሆን ይችላል።

ቡናውን፣ ዛፉን፣ ኩራዙን ሳነሣ ምሽቱ ባዶ ቀረ። ሁለት ሳምንት ባዶውን ገጽ ሳየው ከረምሁ። በመጨረሻ ልጅቱን ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኋትና ጥጥ አስያዝኋት። በእሳቱ ብርሃን ትፈትላለች፤ እንዝርቱ ይሾራል፤ አማቷ ጥግ ላይ ሆነው ያንቀላፋሉ። ከዳገቱ በኩል የበቅሎ ኮቴ ይሰማል። አማት ፊት ደስታ አይታይምና ቀና አላለችም፤ እንዝርቱ ብቻ ቆመ።