ምሥጢረ ሥላሴን በእውነትና በፍቅር ስለ መጠበቅ



ስናማትብ፣ ጸሎት ስንጀምር፣ ማዕድ ስንባርክና ሕፃን ሲጠመቅ የአብን፣ የወልድንና የመንፈስ ቅዱስን ስም እንጠራለን። ይህ ቅዱስ ስም የእምነታችን መሠረት ነው። ይሁን እንጂ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ የዚህን ስም ምሥጢር ያህል ብርቱ ክርክር ያስነሣ ነገር ጥቂት ነው። ክርክሩም በሩቅ አገር የቀረ አይደለም፤ በቀየትና በአካባቢው ባለው የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ደጋ ሳይቀር ካህናትን ከካህናት፣ ምእመናንን ከምእመናን ለይቷል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ ልናነሣ እንወዳለን፦ ስለ እግዚአብሔር የተሳሳተ የሚመስለንን ወንድማችንን እንዴት ልናርመው ይገባናል? ዝም ብንል እውነትን እንበድላለን፤ ብናስገድደው ደግሞ ፍቅርን እንበድላለን። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሕተቱ ከወዴት ይመጣል?

በሦስተኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ በሮም ያስተማረው ሰባልዮስ፣ አንዱ እግዚአብሔር አንድ ጊዜ እንደ አብ፣ አንድ ጊዜ እንደ ወልድ፣ አንድ ጊዜም እንደ መንፈስ ቅዱስ ተገለጠ እንጂ ሦስት አካላት የሉም አለ። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ ወደ ሌላው ጠርዝ ሄዶ፣ ወልድ ከፍጥረት ሁሉ ቢበልጥም ፍጡር ነው ብሎ አስተማረ። የመቅዶንዮስ ወገኖች ደግሞ ይህንኑ ክሕደት ስለ መንፈስ ቅዱስ ተናገሩ። የኒቅያ ጉባኤ በ325፣ የቁስጥንጥንያ ጉባኤም በ381 የቤተ ክርስቲያንን እምነት መስክረው እነዚህን ትምህርቶች አወገዙ።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አልነበረም። አርዮስ እውነት ቢናገር ኖሮ ያዳነን ፍጡር ነው፤ ፍጡር ግን ፍጡርን ከሞት አውጥቶ የእግዚአብሔር ልጅ ሊያደርገው አይችልም። ሰባልዮስ እውነት ቢናገር ኖሮ ወልድ በጌቴሴማኒ ወደ አብ ያቀረበው ጸሎት ከራስ ጋር የመነጋገር ያህል ይሆን ነበር። የመቅዶንዮስ ወገኖችም እውነት ቢናገሩ ኖሮ በጥምቀት የቀደሰን አገልጋይ እንጂ እግዚአብሔር አይደለም።

የሦስቱም ሥር አንድ ነው፦ ምሥጢሩን በአእምሮአችን ልክ ለመስፈር መፈለግ። ይህ ፈተና ዛሬም በትምህርት ክፍላችን ውስጥ አለ። በአገራችን ሥላሴን በፀሐይ ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት፣ እንዲሁም በነፍስ ልብ፣ ቃልና እስትንፋስ መስሎ ማስተማር የቆየና መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ብርሃንና ሙቀት እንደ አካል የሚያውቁና የሚወዱ አይደሉም፤ ምሳሌው በዚያው ከቆመ ልጁ ሳያውቀው ሰባልዮሳዊ ይሆናል። አንድ ሰው ለልጁ አባት፣ ለሚስቱ ባል፣ ለተማሪው መምህር ነው የሚለው ምሳሌ ደግሞ የሰባልዮስ ትምህርት ራሱ ነው። በሌላ በኩል ሦስት ወንድማማቾችን ምሳሌ ያደረገ ሰው ሦስት አማልክትን ያስተምራል። ስለዚህ ምሳሌን የሚሰጥ መምህር የምሳሌውን ድንበር አብሮ ማሳየት አለበት።

ከአገራችን ሊቃውንት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በ1424 በፈጸመው መጽሐፈ ምሥጢር ሰባልዮስንና አርዮስን ጨምሮ የብዙ መናፍቃንን ትምህርት በማስረጃ ተቃውሟል። ስሕተትን በትምህርት መመለስ እንግዲህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

እውነት በአዋጅ ሲጠበቅ

ከዚህ ሌላ መንገድ የመረጡም ነበሩ። በ356 ገደማ የአርዮስን ወገን የደገፈው የሮም ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቆንስጣንጥዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና የተሾመው ፍሬምናጦስ፣ አባታችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ በእስክንድርያ በተተካው አርዮሳዊ ጳጳስ ዘንድ እንዲመረመር ጠየቀ። የአክሱም ቤተ ክርስቲያን ግን በአትናቴዎስ እምነት ጸናች። የምድር ኃይል ከስሕተት ጎን ሊቆም እንደሚችል ቤተ ክርስቲያናችን ገና በልጅነቷ ተማረች።

ከብዙ ዘመን በኋላም ኃይል በሸዋ የክርክር ፈራጅ ሆነ። በ19ኛው ምዕት ዓመት የነበረው ጥያቄ ስለ ክርስቶስ ቢሆንም ወደ ሥላሴ ምሥጢር የሚገባ ነበር፤ የቀባው ማን ነው፣ የተቀባው ማን ነው፣ ቅባቱስ ማን ነው የሚል ነውና። የሁለት ልደት ወገኖች ከአብ የሆነውን ዘለዓለማዊ ልደትና ከድንግል ማርያም የሆነውን ልደት ብቻ ሲናገሩ፣ የሦስት ልደት ወገኖች በመንፈስ ቅዱስ ቅባት የሆነውን እንደ ሦስተኛ ልደት ይቈጥሩ ነበር። የዘር ሐረጉ ከመንዝ የሚነሣው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1841 ለሦስት ልደት አድልቶ ተቃዋሚ ካህናትን ከሹመታቸው አነሣ፤ ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ከጎንደር ተቃወሙት። በ1878 ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በሰበሰቡት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሦስት ልደት ተወገዘ፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዙ። በሸዋ ከ1868 ጀምሮ ያገለግሉ የነበሩት የካፑቺን ማኅበር አባት ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያም በ1879 ከአገር እንዲወጡ ተደረገ።

በ1841 የሃያ ዓመት ወጣት የነበረን አንድ የመንዝ ገበሬ እናስብ። በ1878 የ57 ዓመት ሽማግሌ ነው። በአንድ ዕድሜው ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱም ተቃራኒ የሆኑ ትእዛዛት ስለ ጌታው ልደት መጡበት። ከሁለቱ አዋጆች የተማረው ስለ ሥላሴ ነውን ወይስ ስለ ባለሥልጣን ፍርሃት?

እኛ ካቶሊካውያን ይህን ታሪክ ስናነብ የተበደልንበትን ብቻ ልንቈጥር አይገባንም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ፣ በፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ዘመን ምእመናን ዳግመኛ እንዲጠመቁ፣ ካህናት ዳግመኛ እንዲካኑ ተደርጓል። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ንጉሡ በ1632 የቀደመውን እምነት መለሱ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በታኅሣሥ 7 ቀን 1965 በወጣው የሃይማኖት ነፃነት መግለጫ ማንም ሰው በእምነት ጉዳይ ሊገደድ እንደማይገባ አስተማረ። ይህም እውነትን ማቃለል አይደለም። አብ ወልድን የሚወደው፣ ወልድም ለአብ የሚታዘዘው በግዴታ አይደለምና፣ በፍቅር አንድ የሆነውን አምላክ በማስገደድ መስበክ ስብከቱን ራሱን ይክዳል።

ከመፍረድ በፊት መጠየቅ

እንግዲህ ምን እናድርግ? መልሱን ከማንም ይልቅ ስለ እውነት የተጋደለው ቅዱስ አትናቴዎስ ይሰጠናል። አምስት ጊዜ የተሰደደው ይህ አባት በ362 በእስክንድርያ ሲኖዶስ ሁለት ወገኖች ቀረቡለት። አንደኛው ወገን በእግዚአብሔር ሦስት ሂፖስታሲስ አለ ይላል፤ ሁለተኛው ሂፖስታሲስ አንድ ነው ይላል። እርስ በርሳቸውም በአርዮሳዊነትና በሰባልዮሳዊነት ይካሰሱ ነበር። ሲኖዶሱ ግን ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ጠየቃቸው። ፊተኞቹ በቃሉ አካልን፣ ኋለኞቹ ደግሞ ባሕርይን ማለታቸው መሆኑ ታወቀ። እምነታቸው አንድ ነበር፤ ታረቁም።

ቅዱስ ባስልዮስም በ375 ገደማ ስለ መንፈስ ቅዱስ በጻፈው መጽሐፍ ከአብና ከወልድ ጋር እኩል ክብር እንደሚገባው ሲያስረዳ፣ ደካሞች እንዳይሰናከሉ አንዳንድ ቃላትን በትዕግሥት አዘገየ። እምነቱን አልሸሸገም፤ የሰሚውን እርምጃ ጠበቀ እንጂ። በዘመናችንም ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ በግንቦት 10 ቀን 1973 ስለ ክርስቶስ ፍጹም አምላክነትና ፍጹም ሰውነት በጋራ መሰከሩ። ከ1,500 ዓመት በላይ የቈየ ጥርጣሬ መቅለል የጀመረው ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው ሲጠያየቁ ነው።

ሁሉም ልዩነት የቃላት ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። አርዮስ ሲጠየቅ የመለሰው መልስ በእርግጥ የተለየ እምነት ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህን በግልጽ ተናገረች። መጠየቅ ግን እውነተኛውን ልዩነት ከአለመግባባት ይለይልናል።

በደጋው መንደር የካቶሊክና የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በጋብቻ ይተሳሰራሉ፤ በአንድ ዕድር ይቀባበራሉ፤ በአንድ ማዕድ ይቀርባሉ። በለቅሶ ቤት ወይም በማኅበር ላይ ስለ ሥላሴ ክርክር ቢነሣ አስቀድመን ምን ማለትህ ነው እንበል። የቤተ ክርስቲያናችንን ትምህርት ሳናድበሰብስና ሳንቈጣ እንመስክር። የማናውቀውን ለካህናቶቻችን እንጠይቅ እንጂ ከልባችን ፈጥረን አንመልስ። ባልንጀራችን ባይቀበለን እንኳ ከዕድሩና ከማዕዱ አንለየው። በክርክሩ ረትተነው ወንድማችንን ካጣነው፣ በአንድነትና በፍቅር ለሚኖሩት ለሦስቱ አካላት ምስክሮች አልሆንንምና።

የቅድስት ሥላሴ ቸርነት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።