ያልተሸነፈው አምስተኛ

ወጣቶች፣ እስቲ እናንተ ፍረዱ።

እ.ኤ.አ. በ2023 የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን 13 ጨዋታ አድርጎ 13ቱንም አሸነፈ። ለዋንጫ የሚፋለሙትን አራት ቡድኖች የሚመርጠው ግን ኮሚቴ ነበርና፣ ቡድኑን አምስተኛ አድርጎ አንድ ጊዜ የተሸነፈውን አላባማን አስገባ። ጨዋታውን የሚመራው ኳርተርባክ ጆርዳን ትራቪስ እግሩ ተሰብሮ ስለ ነበር ቡድኑ እንደ ቀድሞው አይሆንም ተባለ። ያለ እርሱ ሁለት ጨዋታ ማሸነፉ እንኳ አላዳነውም። ትራቪስ ጓደኞቹ ያለ እርሱም ምን እንደሚችሉ እንዲታይ፣ እግሩ ቀደም ብሎ በተሰበረ ኖሮ ብሎ ተመኘ!

ከደጋፊዎች አንዱ “የሠራ ይግባ” ይላል፤ ሌላው “የሚችል ይግባ” ይላል። ሁለተኛውም የዋዛ አይደለም፤ አላባማ ጆርጂያን አሸንፎ ነው የመጣው። እኔ ግን ከመጀመሪያው ወገን ነኝ። የተሠራ ሥራ ይመዘናል፤ ገና ያልተደረገ ጨዋታ በምን ይመዘናል?

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ፍሎሪዳ ስቴት በኦሬንጅ ቦውል በጆርጂያ 63 ለ 3 ተረታ። “አላልናችሁም?” ተባለ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የዋንጫው ተስፋ ከተቋረጠ በኋላ ብዙ ተጫዋቾች በዚያ ጨዋታ ሳይሰለፉ ቀርተዋል። ፍርዱ የራሱን ምስክር ወለደ ማለት ነው።

መዘምራን ስትመርጡም አስቡት። “እርስዋ አትችልም” የተባለችው ልጅ ልምምድ መምጣት ትተዋለች። ከዓመት በኋላ ስትዘምር ድምፅዋ ይሰበራል። ያን ጊዜም “አላልናችሁም?” የሚል አይጠፋም።